ከሚያፈስ ቧንቧ የተገኘ ትምህርት

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች መንገዶች የሚበሩት ከድንጋይ ከሰል በሚመረት ጋዝ ነበር። ጋዙ የሚያልፍባቸው የመሬት ውስጥ ቧንቧዎች በየመጋጠሚያቸው ማፍሰሳቸው አልቀረም፤ በአጠገባቸው የነበሩ ዛፎችም ያለ ወቅቱ ቅጠላቸውን ያረግፉ ነበር። ይሁን እንጂ ከጋዙ ቅልቅል ጉዳቱን የሚያደርሰው የትኛው እንደ ሆነ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆየ።

በ1901 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሴንት ፒተርስበርግ ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ በቤተ ሙከራ ያበቀላቸው የአተር ችግኞች አጥረውና ወፍረው ወደ ጎን ማደጋቸውን መርምሮ፣ መንሥኤው ኤቲሊን መሆኑን ገለጸ። በ1908 ደግሞ በቺካጎ ክሮከርና ናይት የካርኔሽን አምራቾችን ያከሰረውን ችግር ሲያጠኑ፣ ከ2 ሚሊዮን እጅ አየር 1 እጅ ኤቲሊን ብቻ የፈካውን አበባ በ12 ሰዓት ውስጥ እንደሚያስከድነው አረጋገጡ። አበባው በዘመኑ ከነበረው የኬሚካል መመርመሪያ ሁሉ የረቀቀ የጋዝ ጠቋሚ ሆኖ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ ጠላቱ ከውጭ የሚመጣ ይመስል ነበር። በ1934 ግን እንግሊዛዊው ጌን የሚበስል ፖም ራሱ ኤቲሊን እንደሚያወጣ አስመሰከረ። ካርኔሽንም ሲያረጅ ይህንኑ ጋዝ ያመነጫል፤ የመነጨውም ሌላ እንዲመነጭ ስለሚቀሰቅስ፣ አበባው ሳይቆይ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጠወልጋል። ሳይቶካይኒን የተባለው ሆርሞን እርጅናውን ሲያዘገይ፣ አብሲሲክ አሲድ ያፋጥነዋል።

መድኃኒቱ የተገኘው ዘግይቶ ነው። በ1978 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የብር ቲዮሰልፌት ካርኔሽንን ከኤቲሊን እንደሚከላከል አሳዩ፤ ይሁን እንጂ ብር ከባድ ብረት በመሆኑ የዝቃጩ አወጋገድ አሳሳቢ ሆነ። በ1990ዎቹ ሲስለርና ብላንከንሺፕ በሰሜን ካሮላይና ያገኙት ሜቲልሳይክሎፕሮፔን፣ ኤቲሊን የሚያርፍበትን የሕዋስ ተቀባይ ቀድሞ በመያዝ ይዘጋበታል። እሾህን በእሾህ እንዲሉ፣ ጋዝ በጋዝ ተመከተ።

ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ለሚላከው ጽጌረዳም ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ዝርያዎቹ ለኤቲሊን ያላቸው ስሜት ቢለያይም፣ የሞተር ጭስ የሚገባበት ወይም የበሰለ ፍሬ አብሮ የሚከማችበት ማቀዝቀዣ ክፍል የገበሬውንና የሠራተኛውን ድካም ከንቱ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ የአበባ መጋዘን የሚነድፍ መሐንዲስ ከቅዝቃዜው መጠን ጋር፣ አየሩ ከየት እንደሚገባና ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።