ኖማ እና የአፍንጫ መልሶ ግንባታ ቀዶ ሕክምና

ኖማ በድድ ላይ እንደ ቀላል ቁስል ጀምሮ በቀናት ውስጥ ጉንጭን፣ ከንፈርንና አፍንጫን የሚበላ ሕመም ነው። በአብዛኛው የሚያጠቃው ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆናቸውንና በምግብ እጥረት የተጎዱ ወይም ከኩፍኝና ከወባ ገና ያገገሙ ሕፃናትን ነው። ሕክምና ካላገኙ ከ100 ሕሙማን እስከ 90 የሚደርሱት ይሞታሉ። ከሰው ወደ ሰው ባይተላለፍም የተረፉት ብዙ ጊዜ እንደ እርግማን ተቆጥሮባቸው ከሰው ይገለላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው፤ እጅግ ዘግይቶ።

የጠፋን አፍንጫ መልሶ የመሥራት ጥበብ ግን ጥንታዊ ነው። በሕንድ ከግንባር ቆዳ አፍንጫ እንደሚሠራ የሚገልጽ ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1794 ለንደን ታተመ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ካርፑም በ1814 ዘዴውን ሠሩበት። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። ከግንባር የሚነሣው ቆዳ ሙሉ በሙሉ አይቆረጥም፤ በቅንድብ አጠገብ ባለው የደም ሥር እንደተያያዘ ወደ አፍንጫው ዞሮ ይሰፋል። ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ በአዲሱ ቦታ ደም ሲያገኝ ማያያዣው ይቆረጣል። ቅርጹን የሚደግፈው ለስላሳ አጥንት ከጎድን ወይም ከጆሮ ይወሰዳል። የውስጥ ሽፋኑም አብሮ ካልተሠራ አዲሱ አፍንጫ ይኮማተራል።

ይህ ሁሉ የሚከናወነው ሕመሙ ቆሞ ጠባሳው ከጠና በኋላ ነው። የሕፃኑ ድድ ከደማ፣ አፉ ከሸተተና ፊቱ ካበጠ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት፤ በዚህ ደረጃ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የተመጣጠነ ምግብ ሕመሙን ያስቆማሉ።