ቦርከና የሚወስደው አፈር

ስለ ደሴ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ትረካቸውን የሚጀምሩት ከዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰፈርና ከንጉሥ ሚካኤል ቤተ መንግሥት ነው። ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን እኔ በምኖርበት በቧንቧ ውሃ ሰፈር ክረምት በመጣ ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ታሪክ አለ፤ ይኸውም ከጦሳና ከአዝዋ ገደል እየተንደረደረ ወርዶ ቦርከናን የሚያቀላው የአፈር ታሪክ ነው። ውሃን በቧንቧ የለመደ ከተሜ፥ ቧንቧው በሚመጣበት ቀን፥ ንጹሑን ቀድቶ ይገባል እንጂ ውሃ በተፈጥሮ መንገዱ ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድ አይጠይቅም። ቦርከና ግን ከ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፥ በዶሮ መዝለያ ገደል ሾልኮ፥ ከ1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የብዙ ገበሬ ማሳ ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ጨፋ ሜዳ፥ ከጨፋም ወደ አዋሽ ያመራል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ሐይቆች ስለሚቀር፥ የወሎ አፈር ከአገር ሳይወጣ ለገበሬው ግን እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ይህ ጥፋት መቼ ጀመረ? በትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው መልስ አጭር ነበር፤ አገሪቱ ከመቶ ዓመት በፊት ከመቶ አርባው እጅ በደን የተሸፈነች ነበረች፥ አባቶቻችን ደኑን ጨፈጨፉት፥ አፈሩም ታጠበ የሚል ነው። የታሪክ ምሁራን የዚህን አኃዝ ምንጭ ሲመረምሩ ግን ጽኑ መሠረት አላገኙለትም። የደቡብ ወሎ ምድር ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ከዚህ እጅግ የተለየ ነው።

ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኙት የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች በየዓመቱ ከዙሪያቸው የሚታጠበውን ደለልና በነፋስ የሚመጣውን የአበባ ብናኝ ከሥራቸው አስቀምጠው ኖረዋል። ሊቃውንት ይህን ደለል በረጅም ቱቦ አውጥተው መርምረው ውጤቱን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2003 አሳትመዋል። እንደ ምርመራው ከሆነ የዝግባና የጥድ ደኑ የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ለ1800 ዓመታት ያህል አገሩን የሸፈነው ሣርና እንደ ክትክታ ያለ ቁጥቋጦ ነበረ። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ዘመን ደግሞ ጥዱና ወይራው ተመልሶ በቀለ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት እንደ ገና ተመነጠረ፥ የአፈሩም መታጠብ በረታ። ስለዚህ ደን በወሎ አንድ ጊዜ ኖሮ አንድ ጊዜ የጠፋ ነገር አይደለም፤ ሄዷል፥ ተመልሷልም።

ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅም በ1930ዎቹ በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው ከስድሳ ዓመት በኋላ በየሥፍራው እየዞሩ አነጻጽረው ነበር። ያገኙትም ብዙዎች ያልጠበቁትን ነው፤ ዛፉ በብዙ ቦታ ከቀድሞው በዝቶ ተገኘ። እርግጥ ነው፥ የበዛው በአብዛኛው ገበሬው በደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሥሩ ሣር ስለማያበቅል አፈር በመያዝ በኩል እንደ ጥድና እንደ ወይራ አይመሰገንም። ቢሆንም ገበሬው ዛፍ አጥፊ ብቻ ነው የሚለው ክስ በዚህ ፎቶግራፍ ፊት ይደክማል።

እንግዲያው አፈሩን የሚያስኬደው ምንድን ነው? መልሱ ከእርሻው ላይ ነው። ሞፈርና ቀንበራችን ጥንታዊና ብልሃት ያለው መሣሪያ ነው፤ ድንጋያማውን ተዳፋት እንደ እርሱ የሚያርስ የለም። ማረሻው ግን አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ስለዚህ ማሳው በአግድምና በቁመት ደጋግሞ መታረስ አለበት። በተለይ ጤፍ እንደ ዱቄት የላመ መሬት ይፈልጋል። የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ያገኘው የለሰለሰ፥ ራቁቱን የቆመ ማሳ ነው።

ገበሬው ይህን አላወቀም ማለት አይደለም። በላይ ተገኝ የተባሉ የጂኦግራፊ ምሁር በደቡብ ወሎ ደጋ ያለውን የገበሬ ዕውቀት አጥንተው ጽፈዋል። ዋልካውን ከቀዩ፥ ጭንጫውን ከአሸዋማው ለይቶ፥ የትኛው ውሃ እንደሚይዝና የትኛው ቶሎ እንደሚደክም ያውቃል። ጎርፉን የሚቀለብስበት ፈሰስ በማሳው ላይ ሰያፍ አድርጎ ያወጣል፥ ድንጋይ ለቅሞ በወሰኑ ላይ ይክባል፥ ለጓሮው ፍግና አመድ ይሰጣል። መሬት ሲበቃው ያሳድር ነበር፤ ቤተሰብ በዝቶ ማሳ ሲጠብ ግን ማሳደሩ ቀረ። የማገዶ እንጨት ሲጠፋም ለማሳው ይሆን የነበረው እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ። ዐውቆ አለመቻል ካለማወቅ የተለየ ነገር ነው፤ እኛ የቢሮ ሰዎች ግን ሁለቱን አንድ አድርገን ስንጽፍ ኖረናል።

አፈሩ በሚዛን መለካት የጀመረው በማይባር ነው። ከደሴ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በማይባር ሐይቅ አጠገብ፥ 113 ሄክታር ያህል በሆነች ተፋሰስ ላይ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1981 ጣቢያ አቋቋሙ። ሥራውን የመሩት ሃንስ ሁርኒ ነበሩ። ሁለት ሜትር በዐሥራ አምስት ሜትር የሆኑ መደቦች ተከለሉ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከመደቡ ግርጌ የተጠራቀመው ውሃና ጭቃ ይለካል፥ ይመዘናል። ከዚህና ከሌሎች ጣቢያዎች በተገኘው ልምድ ለአገራችን በተዘጋጀው ቀመር ጥቅጥቅ ያለ ሣር 0.01 ሲሰጠው፥ ማሽላና በቆሎ 0.10፥ ሌላው እህልና ጥራጥሬ 0.15፥ ጤፍ 0.25 ተሰጥቶታል። ይህ ማለት በአንድ ዓይነት ተዳፋትና በአንድ ዓይነት ዝናብ ከጤፍ ማሳ የሚሄደው አፈር ከሣሩ ሃያ አምስት እጥፍ ነው። እንጀራችን ምን ያህል እንደሚያስከፍለን ከዚህ ቁጥር ይታያል። በአገሪቱ ደጋ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ ሁርኒ ገምተዋል፤ ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለዓይን የማይሞላ ነገር ነው፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ግን ከክንድ ግማሽ ይደርሳል።

ማይባር ሲቋቋም ወሎ የ1965–66ቱን ረኀብ አሳልፋ የ1977ቱን ልታይ ነበር። በሁለቱ መካከል የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ታወጀ፥ የገበሬዎች ማኅበራትም ተቋቋሙ። ማኅበራቱ ሰዉን በዘመቻ እያወጡ በየተራራው እርከን አስካቡ። ክፍያው በእህል ነበር፤ ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። በዓለም ላይ ከታዩት የአፈር ጥበቃ ዘመቻዎች አንዱ ታላቁ ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የወሎም ገበሬ በረኀብ በደከመ ክንዱ የሠራው ሥራ ክብር ይገባዋል።

ሆኖም በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው መመሪያ ሲለወጥና በማግሥቱም ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ያ ሁሉ ካብ በብዙ ቦታ ፈረሰ፥ የማኅበሩም ደን ተቆረጠ። በጊዜው ብዙ ሰው ይህን ከድንቁርና ቆጠረው። ገበሬውን የጠየቁት ግን ምክንያት አጥተው አልተመለሱም። እርከኑ ከጠባቡ ማሳ ላይ መሬት ይበላል፥ በሬ መመለሻ ያሳጣል፥ በካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል። ከሁሉ በላይ ግን መሬቱ በየጊዜው ሲሸነሸን ስለኖረ ዛሬ የካበው ነገ ለማን እንደሚደርስ አያውቅም ነበር። በእርግጥም በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደ ገና ተደለደለ፤ ለባለ ይዞታው ደብተር መስጠት የተጀመረው ከ1995 ወዲህ ነው። ስንዴ ተከፍሎት የሠራው እርከን የስንዴው ባለቤት እንጂ የእርሱ አልመሰለውም።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ያለ ክፍያ ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ እኔም ባገለገልሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የመዝጋቢነት ሥራ ነበረኝ። ቅጹ የእርከኑን ርዝመት በኪሎ ሜትር፥ የወጣውን ሰው በቁጥር ይጠይቃል። አንድ ዓመት አምና የሞላሁት ተራራ ዘንድሮ እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲቀርብልኝ አይቼ ዝም ብዬ ሞላሁት። አምና የተሠራው የት ሄደ የሚል ዓምድ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

በዚያው ሰሞን ከዚያ ተራራ ግርጌ አንድ ሽማግሌ ማሳ ደረስሁ። ላይኛው እርከን ፈርሶ ድንጋዩ ተበትኗል፤ የእርሳቸው ካብ ግን ወገብ ያህል ቆሞ፥ ከኋላው አፈር ሞልቶ፥ ጫፉ ላይ ጌሾ ተተክሎበታል።

«አባባ፥ ይኸኛው እንዴት ሳይፈርስ ቀረ?» አልኋቸው።

«የላዩን ልኬት ይዛችሁ መጥታችሁ አሠራችሁን ልጄ። ይኸ ግን የአባቴ ወሰን ነው። በየክረምቱ የወደቀውን ድንጋይ እመልሳለሁ፤ ሌላ ምን አደረግሁበት?» አሉኝ።

ስንት ሜትር እንደሚሆን በእርምጃ ለካሁት፤ ሠላሳ አራት እርምጃ ነው። በዘመቻው የተሠራ ስላልነበረ በቅጹ ላይ የምጽፍበት ቦታ አጣሁ፤ በወረቀቱ ጀርባ ጽፌው ወደ ደሴ ተመለስሁ።