ሳይበደር የከሰረው ሰው
(አሜሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ)



«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ለጎረቤት ነው እንጂ ለታላቅ መንግሥት አይደለም። ይሁን እንጂ አሜሪካን የምታህል ባለጸጋ አገርም ሳይቸግራት ተበድራ፣ ኋላ ሕዝቧ ለዳቦ እስኪሰለፍ ድረስ የደረሰችበት ዘመን ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ተበዳሪው አይደለም። የሚያሳዝነኝ ሳይበደር፣ ከአፉ ቀንሶ አስቀምጦ፣ ከተበዳሪው ጋር አብሮ የከሰረው ሰው ነው። ስለዚህ ሰው ጥቂት እጽፋለሁ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 አበቃ። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፓ እርሻ የጦር ሜዳ ሆኖ ስለነበር የአሜሪካ ገበሬ «ስንዴ አምርት» እየተባለ፣ ዋጋውም እየጣመው፣ በብድር መሬት ገዛ፣ ትራክተርም ገዛ። ሰላም ሲወርድና የአውሮፓ ገበሬ ወደ እርሻው ሲመለስ በ1920 እና በ1921 የስንዴ ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ። ዋጋ ሲወርድ ግን ዕዳ አብሮ አይወርድም። ገበሬው መክፈል ሲያቅተው ያበደረው የገጠር ባንክም አብሮ ወደቀ። ከ1921 እስከ 1929 ባለው ጊዜ ብቻ ከ5,000 በላይ ባንኮች ተዘግተዋል። አብዛኞቹም የትናንሽ ከተሞችና የገጠር ባንኮች ነበሩ። እንግዲህ ውድቀቱ የጀመረው ገና ዓለም «ጥጋብ ነው» በሚልበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ከተሜው ግን ይህን ልብ አላለም። በ1920 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጠሬው ይልቅ የከተማው ሰው በዝቶ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሴቶች በመላው አገሪቱ የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት ተረጋገጠላቸው። ከደቡብ ክፍል ጥቁሮች ፋብሪካ ፍለጋ ወደ ቺካጎና ወደ ዲትሮይት ጎረፉ። እነርሱን ግን የጠበቃቸው ሥራ ብቻ አልነበረም፤ በ1919 በቺካጎ በተነሣው የዘር ግጭት ደም ፈሷል። ጥጋቡ ለሁሉም እኩል አልደረሰም።

የሆነ ሆኖ ፋብሪካው ይሠራል። በ1908 ለገበያ ሲወጣ 850 ዶላር የነበረው የፎርድ አውቶሞቢል በ1925 ገደማ ከ300 ዶላር በታች ይሸጥ ጀመር። በ1920 ወደ 8 ሚሊዮን የነበረው የመኪና ቁጥር በ1929 ወደ 23 ሚሊዮን ደረሰ። ሬዲዮው፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ ተከተለ። ታዲያ ይህ ሁሉ ዕቃ በጥሬ ገንዘብ የተገዛ እንዳይመስላችሁ። «ዛሬ ውሰድ፣ በየወሩ ክፈል» የሚባለው ዱቤ የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። ከመኪናዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሸጡት እንዲሁ በዱቤ ነበር። ሰውዬው ገና ያልሠራውን የመጪ ዓመት ደመወዙን አስቀድሞ ይበላ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን የአክሲዮኑ ብድር ነው። በመዝገብ ሥራ ዕድሜዬን ስለጨረስኩ ነገሩን በሒሳብ ላስረዳ። አንድ ሰው 100 ዶላር የራሱን ያወጣና 900 ተበድሮ የ1,000 ዶላር አክሲዮን ይገዛል። አክሲዮኑ 1,100 ሲያወጣ ገንዘቡ እጥፍ ሆነለት፤ ያጨበጭባል። 900 ሲሆንበት ግን የራሱ 100 ዶላር ጭራሹን ጠፋ። አበዳሪውም «ጨምር፣ አለዚያ እሸጠዋለሁ» ይለዋል። ሁሉም ባንድ ቀን «ልሽጥ» ሲል ገዢ ከየት ይመጣል? ኦክቶበር 29 ቀን 1929 በኒው ዮርክ ገበያ ወደ 16 ሚሊዮን አክሲዮን ባንድ ቀን ተሸጠ። በሴፕቴምበር 1929 381 የነበረው የታላላቅ ኩባንያዎች አክሲዮን የዋጋ መለኪያ በጁላይ 1932 41 ላይ ወደቀ።

«አክሲዮን የሌለው ድሃ ምን አገባው?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ከአሜሪካ ሕዝብ አክሲዮን የነበረው ጥቂቱ ነው። ነገር ግን ባንክ የሰጠነውን ገንዘብ በሣጥን ቆልፎ አያስቀምጥም፤ ለሌላው ያበድረዋል። ተበዳሪው ሲወድቅ አስቀማጩን ይዞ ይወድቃል። በኒው ዮርክ «የዩናይትድ ስቴትስ ባንክ» የሚባል ነበረ። በስሙ የመንግሥት ይምሰል እንጂ የግል ነው። ወደ 400,000 የሚደርሱ አስቀማጮች ነበሩት። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁዳውያን፣ ልብስ ሰፊዎችና ትናንሽ ነጋዴዎች ነበሩ። በዲሴምበር 1930 ሰዉ ገንዘቡን ሊያወጣ በሩ ላይ ተሰልፎ ሳለ ባንኩ ተዘጋ። ከገንዘቡ ብዙው ከዓመታት በኋላ ተመልሷል። የቤት ኪራይና የልጅ ረሃብ ግን ዓመታት አይጠብቅም። እስከ 1933 ድረስ በመላው አገሪቱ ወደ 9,000 ባንኮች ወደቁ። በዚያው ዓመት ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ለእኛ ለዕድርተኞች ቅርብ የሆነ ነገር አለ። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ሠራተኛ አብዛኛው የመንግሥት ጡረታ ስላልነበረው በየማኅበሩ ያዋጣ ነበር። ስደተኛውም ጥቁሩም የየራሱ ማኅበር ነበረው። አባል ሲታመም ይከፍላል፣ ሲሞት ይቀብራል፤ ልክ እንደ ዕድራችን። አባሎቹ ሥራ ሲያጡ መዋጮው ቀረ፤ መዋጮው ሲቀር ማኅበሩ ደከመ። የተቸገረው ሰው በበዛበት ሰዓት ረጂው ራሱ ተረጂ ሆነ።

የዘማቾቹም ነገር አለ። በ1924 በወጣ ሕግ በ1945 የሚከፈል የአበል ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር። በ1932 በጋ ወደ 20,000 የሚሆኑት «ዛሬ ተርበናል፣ ዛሬ ይከፈለን» ብለው ወደ ዋሽንግተን ተጓዙ። ጁላይ 28 ቀን በጄኔራል ማክአርተር የሚመራ ጦር አባረራቸው፤ ጎጆአቸውም ተቃጠለ። ገንዘቡ የተከፈላቸው በ1936 ነው።

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በማርች 1933 ሥልጣን ሲይዙ መጀመሪያ ያደረጉት ባንኮችን ሁሉ መዝጋት ነው። መዝገባቸው ይመርመር ተባለ። ማርች 12 ቀን ፕሬዚዳንቱ በሬዲዮ ባንክ ማለት እንዴት እንደሚሠራ ለሕዝቡ በቀላል ቃል አስረዱ። በማግስቱ ደህና ናቸው የተባሉት መከፈት ሲጀምሩ፣ ትናንት ሊያወጣ የተሰለፈው ሰው ገንዘቡን ሊመልስ ተሰለፈ! ከጃንዋሪ 1934 ጀምሮ ደግሞ የእያንዳንዱ አስቀማጭ ገንዘብ እስከ 2,500 ዶላር ዋስትና አገኘ። ዋስትናው የሚቆመው ባንኮቹ ራሳቸው በሚያዋጡት ነው። አንዱ ሲሞት ሁሉም ይደርሱለታል፤ የባንኮች ዕድር ብንለው ያስኬዳል። በ1935 የጡረታ ሕግ ወጣ። እርሱም ቢሆን የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት ሠራተኞችን ስላላካተተ ብዙ ጥቁሮች ከውጭ ቀርተዋል። ሥራ ማጣቱም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪመጣ ድረስ ጨርሶ አልጠፋም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሕዝቡን ወደ ባንክ የመለሰው አዲስ ወርቅ ተገኝቶ አይደለም። መዝገቡ ተመረመረ፣ እውነቱ ተነገረው፣ ዋስም ቆመለት። የእኛም ዕድር ሀብቱ ድንኳኑና ወንበሩ ብቻ አይደለም። ያቺ ባልቴት ከማታ እራቷ ቀንሳ መዋጮዋን ስትሰጥ ስንቶቻችንን አምና ነው? እኔም ራሴ ጭምር በጠቅላላ ጉባዔ ሒሳብ ሲነበብ እናንጎላጃለን፣ ወይም ውጭ ቆመን ወሬ እንይዛለን። ከእንግዲህ ነቅተን እንስማ፣ እንጠይቅም። መጠየቅ ገንዘብ ያዡን መጠርጠር አይደለም፤ ሳይበደር የሚከስር ሰው በመካከላችን እንዳይኖር መጠበቅ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ድሩ ግን የትኛው ጋ እንደሳሳ በየጊዜው መታየት አለበት።