ደመወዝ ሳይዛወር የባንክ ሽልማት፤ ምን ይገኛል? ምንስ ይታጣል?

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎም ሆነ በሞያሌ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ በየትኛው ባንክ እንደሚገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነው። ይህ በእንዲህ እንዳለ በየከተማው የተከፈቱት የባንክ ቅርንጫፎች ተቀማጭ ለማሰባሰብ በብርቱ ይፎካከራሉ። የባንክ ሠራተኞች ያስመዘግቡ ዘንድ የሚሰጣቸው የደንበኛና የተቀማጭ ኮታ በመኖሩም፣ ባንክ ቤት የሚሠራ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያለው ሰው «እባክህ ሒሳብ ክፈትልኝ» መባሉ የተለመደ ነገር ሆኗል። ጥያቄው ታዲያ ደመወዙን ካለበት ሳያነሳ ከዚህ ፉክክር የሚጠቀምበት መንገድ አለ ወይ የሚለው ነው። በእኔ እምነት መንገዱ አለ፤ ጥቅሙ ግን ማስታወቂያው የሚለውን ያህል አይደለም።

የሽልማቱ ዓይነቶች

በአሜሪካ ባንኮች አዲስ ሒሳብ ለሚከፍት ሰው መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት መቶ ዶላር፣ ይሰጣሉ። በምላሹ በአብዛኛው የሚጠይቁት ደመወዝ በቀጥታ ወደ ሒሳቡ እንዲገባ ነው። የእኛ አገር አሠራር ከዚህ ይለያል። እዚህ በብዛት የሚሰጠው የዕጣ ቁጥር ሲሆን፣ መስፈርቱም የተቀማጩ መጠንና የቆይታ ጊዜ እንጂ ደመወዝ አይደለም።

በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ማበረታቻ አለ። አንደኛው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ሌሎች ባንኮች «ይቆጥቡ ይሸለሙ» በሚል ስያሜ ያስለመዱት ሲሆን መኪና፣ ላፕቶፕ፣ ሞባይልና የመሳሰሉት በዕጣ የሚወጡበት ነው። ሁለተኛው ከውጭ አገር በባንክ በኩል ገንዘብ ለሚቀበሉ የሚዘጋጀው «ይቀበሉ ይሸለሙ» ነው። ሦስተኛው በሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ለአዲስ ተመዝጋቢ የሚሰጠው የአየር ሰዓት ወይም የዳታ ስጦታ ነው። ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ዕጣ ስለማይጠበቅበት እርግጠኛው ይኸኛው ነው።

የዕጣ ቁጥር ስንት ያወጣል?

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ባንክ ለእያንዳንዱ 500 ብር አንድ ቁጥር ይሰጣል እንበል። የሽልማቶቹ ጠቅላላ ዋጋ 10 ሚሊዮን ብር፣ የተሰጡት ቁጥሮች ደግሞ 2 ሚሊዮን ቢሆኑ የአንዱ ቁጥር አማካይ ዋጋ 5 ብር ነው። 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው 20 ቁጥር ያገኛል፤ አማካይ ዋጋቸውም 100 ብር ይሆናል። አብዛኛው ሰው ግን ምንም ሳይደርሰው ይቀራል።

አሁን ከወለድ ጋር እናነጻጽረው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። በ7 በመቶ ቢታሰብ 10,000 ብር በስድስት ወር ከታክስ በፊት 350 ብር ይወልዳል። ያው ገንዘብ በድርድር 10 በመቶ በሚከፈልበት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ቢቀመጥ ግን 500 ብር ያስገኛል። ልዩነቱ 150 ብር በመሆኑ ለዕጣው ሲባል በመደበኛ ቁጠባ ማስቀመጡ ከቁጥሮቹ ዋጋ በላይ አስከፈለ ማለት ነው። ገንዘቡ በመደበኛ ቁጠባ መቀመጡ የማይቀር ከሆነ ግን ዕጣው በነፃ የተገኘ ምርቃት ነው። ዋናው መለኪያም ይኸው ነው።

የዋጋ ግሽበቱንም መርሳት አይገባም። በ2014 ዓ.ም. የዓመቱ አማካይ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለዕጣ ብሎ ገንዘብን ለወራት ማሰር ኪሳራው ግልጽ ነው።

ቁጠባን ከዕጣ ጋር ማያያዝ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1956 ያስጀመረው «ፕሪሚየም ቦንድ» ወለዱን በዕጣ የሚያከፋፍል ነው። በደቡብ አፍሪካ አንድ ባንክ በ2005 ያስተዋወቀው ተመሳሳይ ሒሳብ ግን በ2008 የአገሪቱ ፍርድ ቤት ሕገወጥ ሎተሪ ነው ብሎ ስለወሰነበት ቆሟል።

ደመወዙ ባለበት ሲቆይ

ደመወዝን አለማዛወር የራሱ ዋጋ አለው። በደመወዝ ዋስትና የሚሰጥ የግል ብድር በአብዛኛው የሚገኘው ደመወዙ ከሚገባበት ባንክ ነው። ሁለተኛው ባንክ ለዕጣው በደስታ ቢቀበልዎም ብድር ሲጠይቁት ደመወዝዎ የት እንደሚገባ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ትርፍ ገንዘብዎን ሁሉ ለዕጣ ከማዋልዎ በፊት የመሥሪያ ቤትዎን የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ያስቡ። በእነዚህ ማኅበራት የሚበደሩት መጠን የሚሰላው በቆጠቡት ልክ በመሆኑ ጥቅሙ አስቀድሞ ይታወቃል።

ሁለተኛ ሒሳብ ሌላም ፋይዳ አለው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ተቀማጭ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና ይሰጣል። ከዚህ በላይ ያለው ሰው ገንዘቡን በሁለት ባንክ ቢያስቀምጥ ዋስትናው ይሰፋለታል።

የቆላው ልዩ ሁኔታ

በአዲስ አበባ የሚሠራው ስሌት በነገሌና በሞያሌ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። በቦረናና በጉጂ የብዙ ቤተሰብ ቁጠባ ከብት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲጠፉ ይህ ቁጠባ አልቋል። በዚያን ጊዜ ደመወዝተኛው ለገጠር ዘመዶቹ መኖ፣ ውኃና እህል መግዣ የሚላክበት የመጨረሻ ኪስ ሆኖ ነበር። ቡሳ ጎኖፋ የተባለው ከብቱ ላለቀበት ወገን የማዋጣት ባህልም የሚፈልገው በእጅ ያለን ሀብት ነው። ስለዚህ ጋናና ሐጋያ የተባሉት ዝናቦች መግባታቸው ሳይረጋገጥ፣ ካወጡት ቁጥርዎ በሚሰረዝበት ሒሳብ ብዙ ገንዘብ ማስገባት አይመከርም። በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ በቦረና የተጀመረው የእንስሳት የኢንሹራንስ አገልግሎት ለዚህ ዓይነቱ አደጋ የተዘጋጀ በመሆኑ ለዕጣ ከሚታሰረው ገንዘብ ጥቂቱን ለአረቦን ማዋል ያዋጣል።

ወለድ የማይቀበል አንባቢም ይኖራል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና መደበኛ ባንኮች የከፈቷቸው ከወለድ ነፃ መስኮቶች አማራጭ ናቸው። ዕጣ ያለበት ሒሳብ ከሃይማኖቱ ጋር መስማማቱን ግን የሃይማኖት አዋቂ ቢጠይቅ ይመረጣል።

ሒሳብ ከመክፈትዎ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለቅርንጫፉ ማቅረብ ይጠቅማል።

1. አንድ ቁጥር የሚያሰጠው ስንት ብር ሲቀመጥ ነው? ለምን ያህል ጊዜስ መቆየት አለበት?
2. ገንዘብ ባወጣ የተሰጠኝ ቁጥር ይሰረዛል?
3. የዕጣው ቀን መቼ ነው? የት ይወጣል? ውጤቱስ በምን ይገለጻል?
4. ሽልማት ቢደርሰኝ ታክሱን የሚከፍለው ማነው?
5. ለካርድና ለመልዕክት የሚቆረጥ ክፍያ አለ?
6. ሒሳቡ ሳይንቀሳቀስ ቢቆይ ምን ይሆናል?

የፋይዳ መታወቂያዎንም ይያዙ። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆኖ፣ ወደ ሌሎች ከተሞችም በደረጃ እንዲሰፋ ተደርጓል።

«ዕጣ ደርሶዎታል»

ሽልማት ባለበት አጭበርባሪ አይጠፋም። «ከባንኩ ነው የምንደውለው፤ መኪና ደርሶዎታል» ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ፣ ወይም «ለታክስ ቅድሚያ ይላኩ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ባንክ የሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። ስልኩን ዘግተው በአቅራቢያዎ ወዳለው ቅርንጫፍ በአካል ይሂዱ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ያለ ዕጣውም ሊያስቀምጡት የነበረውን ገንዘብ በሁለተኛ ባንክ ቢያስቀምጡ የሚያጡት ነገር የለም፤ ከቀናዎትም ይሸለማሉ። ለዕጣው ሲሉ የልጆችዎን የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለድርቅ ወራት የያዙትን ገንዘብ ካሰሩ ግን ሽልማቱን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።