ከቀንድ ወደ እንጨት፣ ከጭራ ወደ ናይለን

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ዓይኑ ያረፈው በቤተ መንግሥቱ ላይ ብቻ አልነበረም። ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎቻችን ኋላ ላይ ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ ጽፎለታል፤ በርኒም እ.ኤ.አ. በ1776 ባወጣው መጽሐፉ አስገብቶታል። ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ እኛን የያዘችን አንዲት ነገር ነች። የክራሩ ሁለት ክንዶች ቀድሞ ከዱር ፍየል ቀንድ ይሠሩ ነበር ይላል። ጠመንጃ ሲበዛ አውሬው ተመናመነ፣ ቀንዱም ጠፋ። ሠሪዎቹ ታዲያ ቀላል ቀይ እንጨት አምጥተው፣ የቀንዱን ጥምዝምዝ አስመስለው ጠረቡት!

በውጭው ዓለም ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካ ይጎበኛል፤ ልጆቹም እንጨት ይፈቀፍቃሉ፣ ክር ይወጥራሉ። እኛ ዘንድ ፋብሪካው ቤት ነው። ጥሬ ዕቃውስ? ከወረታ ወጣ ብላችሁ የፎገራን ሜዳ ተመልከቱ። የመሰንቆው ሣጥን እንጨት ነው፤ ፊቱ በቆዳ ይለበጣል። አንዷ ክሩ የፈረስ ጭራ ነች፣ ደጋኑም እንደዚያው። ከበሮ የሚለጎመው በከብት ቆዳ ነው። ለቆዳ ደግሞ ፎገራን የሚያህል የት ይገኛል? በሬዎቹና ላሞቹ በስሙ የሚጠሩ ዝርያ ናቸው እኮ።

ግን ሜዳው ራሱ እየተለወጠ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የተሞከረው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው ዋና ሰብል ሆኗል፤ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከልም እዚያው ነው። ገበሬው ተጠቅሟል፣ ይሄን ማንም አይክድም። የግጦሹ መሬት ግን ጠበበ፤ የፎገራ ከብትም ቁጥሩ ቀነሰ። በክራርና በበገና ላይ ደግሞ የጅማቱን ቦታ ናይለን እየያዘው ነው። ብሩስ ቢመጣ ሌላ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

ዕቃው ምትክ አያጣም። የሚያሰጋን እጁ ነው። የአዝማሪ ልጅ ሙያውን የሚወርሰው ከአባቱና ከአጎቱ ጎን ተቀምጦ፣ እያየና እየነካካ ነው፤ በወረቀት የተጻፈ መመሪያ የለውም። ስለዚህ ሰውየው ሲሞት ትምህርት ቤቱም አብሮ ይዘጋል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ጠንቋዩንና ዘዋሪ ዘፋኙን እያደኑ ሲገድሉ ስንት ቅኝት አብሮ እንደተቀበረ ማን ይቆጥረዋል?

የከተማ ልጅ መሰንቆን የሚያውቀው በሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። እናንተ ግን ልጅ ይዛችሁ ወደ ሠሪ ከሄዳችሁ፣ መጀመሪያ ዕጣን ያልነካው ደጋን አስይዙት። ይስበዋል፣ ይገፋዋል፤ ጭራ በጭራ ላይ እየተንሸራተተ ዝም ይላል። ከዚያ ዕጣኑን ስጡትና ራሱ ይሽበት።