ከነአፈሯ የተነሣች ከተማ

ቴክሳስ ውስጥ ጋልቬስተን የምትባል ደሴት ላይ፣ ብሮድዌይ ጎዳና ዳር፣ አሽተን ቪላ የሚሉት የጡብ ቤት አለ። የተሠራው በ1859 ነው። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጎብኚ ሁሉ የሚያየው በረንዳውን ነው። እኔ ዘመድ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማሳየው አጥሩን ነው። የብረት አጥሩ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ቤት አጭር ነው፤ ያጠረው የታችኛው ክፍሉ አፈር ውስጥ ስለሆነ ነው። መሬቱ ወደ ላይ መጥቶ ዋጠው።

በ2008 አይክ የተባለው ሃሪኬን ቤቴን ካጠፋብኝ በኋላ «ለምን ተመለስክ? ደግሞ እዚያው ትሠራለህ?» ያላለኝ ሰው የለም። ሂውስተን ያሉ ወገኖቼ በፍቅር ነው የሚጠይቁኝ። መልሴ ረጅም ነው፤ ከዚያ አጥር ይጀምራል።

ጋልቬስተን ከዋናው ምድር ተነጥላ የተዘረጋች ቀጭን የአሸዋ ደሴት ናት። በ1900 ወደ 38 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት፣ በጥጥ ንግድ የበለጸገች ወደብ ነበረች። ከፍተኛው ቦታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2.7 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ግንብ ይሠራልን የሚሉ ነበሩ፤ ሰሚ አላገኙም። የከተማዋ የአየር ጠባይ ቢሮ ኃላፊ አይዛክ ክላይን ራሱ በ1891 በጋዜጣ ላይ፣ ማዕበል ጋልቬስተንን ክፉኛ ይጎዳል ማለት ከንቱ ፍርሃት እንደሆነ ጽፎ ነበር።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 በእኛ ጳጉሜን 3 ቀን 1892 ዓ.ም. ነው፤ የሩፋኤል ዕለት። ባደግኩበት ሰፈር በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ስለሆነ ልጅ ሁሉ ልብሱን አውልቆ ይወጣበታል። ይህን ቀን ያሰላሁት ደሴቲቱ ላይ ከሰፈርኩ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሩፋኤል በመጣ ቁጥር ሁለቱን ውኃዎች አንድ ላይ ሳላስብ አላልፍም። ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ያለ ባሕር ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ሸፈናት። የፈረሰው ቤት ወደ 3,600 ይደርሳል። የሞተው ሰው ከ6,000 አያንስም፤ ብዙዎች 8,000 ይላሉ። አሜሪካ እስከ ዛሬ ይህን ያህል ሰው የገደለ የተፈጥሮ አደጋ አላየችም። ክላይንም ነፍሰ ጡር ሚስቱን በዚያች ሌሊት አጣ።

ባሕሩ ዳር የቅድስት ማርያም የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበር። አሥሩ መነኮሳት ልጆቹን በልብስ ማስጫ ገመድ ከወገባቸው ጋር አሠሯቸው። ወደ 90 ከሚሆኑት ልጆች የተረፉት ሦስት ወንዶች ናቸው። የሞቱት በኋላ አሸዋው ውስጥ ሲገኙ ገመዱ አልተፈታም ነበር።

ሬሳው ከመቅበሪያው በላይ ሆነ። በጀልባ ጭነው፣ ክብደት አሥረው ባሕር ጣሉት፤ ማዕበሉ መለሰው። ከዚያ ባለበት ማቃጠል ተጀመረ፤ እሳቱም ሳምንታት ቆየ። ያንን ሬሳ በጠመንጃ ተገደው የጫኑት ጥቁሮች ነበሩ። ጋዜጦች ደግሞ ዘራፊ አድርገው ጻፉባቸው። የከተማዋ ታሪክ ሲተረክ ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል፣ እኔ አልዘለውም። በ1901 የመጣው አዲሱ የኮሚሽን አስተዳደርም ለሥራው ፍጥነት ጠቅሞ ይሆናል፤ ነገር ግን በሰፈር ተወካይ መምረጥን አስቀርቶ ጥቁሮቹን ድምፅ አሳጥቷል።

የተረፉት ሰዎች ሦስት መሐንዲሶች ጠሩ። አንዱ ሄንሪ ሮበርት ነው፤ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ደንብ የጻፈው ጡረተኛ ጄኔራል። (የእኛ የሂውስተን ዕድር መተዳደሪያም የእርሱን ደንብ ይጠቅሳል።) በ1902 መጀመሪያ ያቀረቡት ሐሳብ ሁለት ነገር ነበር፤ ግንብ ይሠራ፣ ከተማዋ ደግሞ ከነመሬቷ ከፍ ትበል። ግንቡ በ1904 አለቀ፤ ቁመቱ 5.2 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ። ፊቱ ወደ ውስጥ የጎበጠ ስለሆነ የሚመጣውን ማዕበል ወደ ላይ መልሶ ይወረውረዋል። ለግንቡ የወጣውን የአንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ቦንድ በብዛት የገዛው እዚያው ያለ፣ ገና ከሐዘን ያልወጣ ሕዝብ ነው።

ለእኔ ከግንቡ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሁለተኛው ሥራ ነው። ከ1903 እስከ 1911 ድረስ 2,156 ሕንፃዎች ተነሡ። ሠራተኞቹ ወለሉ ሥር ይገባሉ፤ አግዳሚውን በወፍራም ግንድ ደግፈው ክሪክ ይደረድራሉ፤ ምልክት ሲሰጥ ሁሉም እኩል ትንሽ ያዞራሉ። አንዱ ቀድሞ ካዞረ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ሦስት ሺህ ቶን የሚመዝነው የቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን በ700 ክሪኮች አንድ ሜትር ተኩል ወደ ላይ ተነሥቷል። የውኃ ቧንቧውም፣ የትራም ሐዲዱም አብሮ ከፍ አለ። ከተማዋን ሰንጥቆ 60 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፈረ፤ መርከቦች ከወደቡ አፍ አሸዋ እየመጠጡ በቦዩ ገብተው በቧንቧ ከቤቶቹ ሥር ይተፉታል። ውኃው ይወርዳል፣ አሸዋው ይቀራል። ከ12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ እንዲህ ተሞላ፤ በአንዳንድ ቦታ ከሦስት ሜትር በላይ። በእነዚያ ዓመታት ሰው ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው በእንጨት ድልድይ ላይ ነበር፤ ከሥሩ የሚገማ ጭቃ። ጨው ያለበት አሸዋ ዛፉን ሁሉ ገደለው፤ ሴቶቹ ማኅበር አቋቁመው ጥሩ አፈር እያስመጡ እንደገና ተከሉ።

ወጪው እንዴት እንደተከፈለ ልብ በሉልኝ። ቤቱን ማስነሣት የባለቤቱ ዕዳ ነበር። ከሥር የሚገባውን አሸዋ ግን የከፈለው ሕዝቡ በጋራ ነው፤ የቴክሳስ መንግሥትም ከከተማዋ የሚሰበስበውን ግብር ለዚህ ተወላት። አቅም ያነሰው ሰው ቤቱን ባያስነሣም መንገዱና ግቢው ከጎረቤቱ እኩል ይሆናል፤ ምድር ቤቱ አሸዋ ውስጥ ይቀራል እንጂ ሰፈሩ ለሁለት አይከፈልም። በ1915 ተመሳሳይ ማዕበል መጣ። ከግንቡ ኋላ የሞተው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

አይክ በመጣበት ጊዜ ከተማዋን ልቀቁ የተባልነው በእኛ መስከረም 1 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ እንቁጣጣሽ። ቄጠማው ወለሉ ላይ እንደተጎዘጎዘ፣ ዶሮውን ፍሪጅ ከትተን ወጣን። ማዕበሉ መስከረም 3 ሌሊት ገባ። ግንቡ ከባሕሩ ወገን የሚጠበቅበትን አደረገ። ውኃው የመጣብን ግን ከኋላ፣ በደሴቲቱና በዋናው ምድር መካከል ካለው ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ከብሮድዌይ በስተሰሜን ያለው የእኛ ሰፈር ግንብ የለውም፤ መሬቱም ከግንቡ ተነሥቶ ወደዚያ የሚያዘቀዝቅ ስለሆነ ዝቅተኛው ነው።

እንድንመለስ የተፈቀደው መስከረም 14 ነበር። ሂውስተን ደመራው ሲለኮስ እኔ ግድግዳ እቆርጥ ነበር። ውኃው ሳሎናችን ውስጥ ወገቤ ድረስ ቆሞ ነበር፤ ቡናማ መስመሩን በእርሳስ አስምሬ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ሜትር አስደግፌ ፎቶ አነሣሁት። ፍሪጁን ሳንከፍት በቴፕ ጠቅልለን ደጅ አወጣነው፤ የእንቁጣጣሹ ዶሮ ከነድስቱ ውስጡ ነው። ጂፕሰሙ ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ በእጄ ላይ ፈረሰ፤ ከኋላው ጥቁር ሻጋታ ወጥቶ ነበር። ቋሚውን እንጨት በካቻቢቴ ወጋሁት። አልገባልኝም። ቤቱ ከ1900 በፊት የተሠራ ነው፤ ያ እንጨት አንድ ጊዜ ሰምጦ፣ አንድ ጊዜ በክሪክ ተነሥቶ፣ አሁን ደግሞ ሰምጦ አሁንም ጠንካራ ነው። እንደምሠራው የወሰንኩት እዚያው ነው።

የነፋስ ኢንሹራንስ ገማቹ መጥቶ «ይህን ያበላሸው ውኃ ነው» አለኝ። የጎርፍ ኢንሹራንሱ ገማች «ጣሪያውን የከፈተው ነፋስ ነው» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ቤቱን ግን ማናቸውም አላዩትም። ከዚህ በላይ ከባድ የነበረው የጥገናው መቶኛ ነው። የጥገናው ወጪ ቤቱ ከጉዳቱ በፊት ያወጣ ከነበረው ዋጋ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሕጉ ቤቱ ከጎርፍ ከፍታ በላይ ካልተነሣ መጠገን አይቻልም ይላል። ሕጉ ትክክል ነው፤ ዝቅ ያለ ቤት ደግሞ ይሰምጣል። ግን የሚናገረው ለአንድ ቤት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት መሬቱ የጋራ ጉዳይ ነበር፤ አሁን ከፍታ የእያንዳንዱ ሰው የግል ሸክም ሆነ።

ውጤቱን ለማየት የእኔን መንገድ ከዳር እስከ ዳር መሄድ ይበቃል። እኔ ቤቴን ተበድሬም ለምኜም አስነሣሁ። ሠራተኞቹ ለአዲሱ ምሰሶ ሲቆፍሩ ከሣሩ ሥር ጥቁር አፈር፣ ከዚያ ግራጫ አሸዋ ከተሰባበረ ዛጎል ጋር፣ አሸዋው ውስጥ ደግሞ የድሮውን ማስነሣት የተሸከሙትን የጡብ ምሰሶዎች አገኙ። ፎርማኑ ጡቦቹን በመዶሻ ጀርባ መታ መታ አደረጋቸው፤ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር። ጎረቤቴ ግን፣ እዚያው ተወልደው ያረጁ እናት፣ የቤታቸው ወረቀት ገና በሟች አባታቸው ስም ነበር። ወራሾቹ ተበትነዋል፣ ፍርድ ቤት የሄደ የለም። ወረቀቱ በስምዎ አይደለም ተብለው እርዳታ ሳያገኙ ቀሩ። «ልጄ፣ ግብሩን ስከፍል ስሜን ያውቁታል» አሉኝ። ሂውስተን ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ ቦታው ላይ ዛሬ በረጅም እንጨት ላይ የቆመ፣ በበጋ የሚከራይ ቤት አለ። ከተማዋ ውስጥ 569 የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ፈርሰው፣ ይተኩ አይተኩ በሚል ዓመታት የፈጀ ክርክር ሆነ። የዚያን ጊዜ ሴቶች የተከሏቸውን ጨምሮ ብዙ የደሴቲቱ ዛፎች ጨው ጠጥተው ደረቁ፤ በ40 ሺህ ይገመታሉ። ጠራቢዎች ጥቂቶቹን ግንዶች ዓሣና ወፍ አድርገዋቸዋል፤ ጎብኚ ይወዳቸዋል።

አሁን አዲስ ዕቅድ አለ። በጋልቬስተንና ከጎኗ ባለው የቦሊቫር ልሳነ ምድር መካከል ባሕሩ ላይ የሚዘጋ በር፣ ከተማዋንም ከባሕረ ሰላጤው ወገን የሚከብ ግንብ። ኮንግረስ በ2022 መጨረሻ ፈቅዶታል፤ ግምቱ ያኔ ወደ 34 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከወጪው 65 በመቶው የፌዴራል መንግሥቱ፣ 35 በመቶው የአካባቢው ድርሻ ነው። ግንቡን እደግፋለሁ፤ ከኋላችን የጎደለው እርሱ ነውና። የማነሣው ጥያቄ 35 በመቶው ከማን ኪስ እንደሚወጣ፣ ከግንቡ ውስጥ የሚቀረው ዝናብ በየትኛው ቦይ እንደሚፈስስ፣ መንገዱ ዝቅ ብሎ ለቀረ ሰፈር አሸዋው በጋራ ይገባ እንደሆነ ነው። ስብሰባ ላይ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፤ እኔ ደቂቃዎቹን የምጠቀመው የአሽተን ቪላን አጥር ፎቶ ይዤ ስለ አሸዋው ሒሳብ በመናገር ነው። በ1903 ማን እንደከፈለ መዝገቡ አለ፤ ተነብቦ ዕቅዱ ውስጥ ይግባ።