በእድር ስም የተጀመረው የሠራተኛ ማኅበር



በመዝገባችን ላይ ስሙ የሰፈረ ሁሉ ወዶ የገባ ነው። መዋጮው የከበደው ወይም ሰፈር የለቀቀ ለጸሐፊው ነግሮ ይወጣል። ይህ ለእኛ ተራ ነገር ስለሆነ «ነፃነት» ብለን እንኳ አንጠራውም። በአገራችን ሠራተኛ ዘንድ ግን ይህችው ነገር፣ ማለትም ማኅበር ልግባ ወይስ ልቅር ብሎ በራስ መወሰን፣ ብዙ ዋጋ አስከፍላለች። የሚገርመውም ታሪኩ የሚጀምረው ከእድር መሆኑ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ብዛት ያለው ደመወዝተኛ ሠራተኛ መጀመሪያ የተሰባሰበው በባቡሩ ሥራ ነበር። የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ሠራተኞች በ1939 ዓ.ም. ገደማ ድሬዳዋ ላይ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው በዛ፣ ሠራተኛውም በዛ፤ ሕጉ ግን አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጹ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የፈለገውን ሥራ ለመሥራት፣ ለዚሁም በሕግ መሠረት ማኅበር ለማቆምና ለመግባት መብት አለው አለ። «በሕግ መሠረት» የምትለዋ ቃል ግን ሕጉ እስኪወጣ ሰባት ዓመት ያህል አስጠበቀች።

ታዲያ ሠራተኛው ምን ያድርግ? እድር አቆመ። የሆላንዶች ኩባንያ ባቋቋመው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ በሌሎችም ሥፍራዎች፣ ሠራተኞች አስቀድመው የተሰባሰቡት በመረዳጃ ስም ነበር። ለቀብር መዋጮ የሚያወጣን ሰው ማን ምን ይለዋል? አሠሪውም ቢሆን ሞት አይቀርለትም። እድር ደግሞ መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የስብሰባ ቀን አለው፣ ዳኛ ይመርጣል። እኛ የእድር ሰዎች ነንና ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያቅተንም። ዛሬ ለሞተው የሚያዋጣ ነገ ለታመመው ያዋጣል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ለተባረረው። ቀጥሎ የደመወዙ ነገር ይነሣል። እኮ፣ ከዚህ በላይ የሠራተኛ ማኅበር ምን ሊሆን ነው!

በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ። በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ሆነ። አንድ ማኅበር ለመቋቋም 50 ሠራተኞች ያስፈልጉ ነበር። በመካከሉ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) በ22 ማኅበራት ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነፃነት የሚናገረውን 87ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት ተቀበለች። የመንግሥት ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ ግን ከአዋጁ ውጭ ቀሩ።

ኢሠአማ በ1965 ዓ.ም. ገደማ 167 ማኅበራትና 80,000 ያህል አባላት ነበሩት። ይህ መግባት ከሚችለው ሠራተኛ 30 ከመቶ ያህል ነው ይባላል። የቀረው ለምን ቀረ? ሁለት ዓይነት ሰው ያለ ይመስለናል። አንዱ አለቃውን ፈርቶ የቀረ ነው፤ የእርሱን መቅረት ምርጫ ማለት አይቻልም። ሌላው መዋጮ ሳይከፍል ጭማሪው ለሁሉም ይደርሳል ብሎ የተቀመጠ ነው። በእድር እንዲህ ያለው ሰው ድንኳኑ አይተከልለትም፤ በፋብሪካ ግን ጭማሪው ሲመጣ ለከፋዩም ላልከፈለውም ይመጣል። ይህ አባላቱን የሚያንገበግብ ነገር ነው፤ «ሁሉም በግድ ይግባ» የሚለው ሐሳብም በብዙ አገር የሚወለደው ከዚሁ ነው። ቅሬታው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ምን እንደሚያመጣ በአገራችን ታይቷል።

በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ኢሠአማ የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አገሩን ለቀናት አንቀጠቀጠ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ከማኅበሩ ጋር ሊስማማ አልቻለም። በመስከረም 1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የኢሠአማን የአቋም ወረቀት ይበትኑ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሞቱ፤ በቀናት ውስጥም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በኅዳር አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ፤ ኢሠአማም በዚያው ቀረ። በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) ተቋቋመ። 1,341 መሠረታዊ ማኅበራትና 287,000 አባላት ነበሩት፤ በ1976 ዓ.ም. ከ313,000 በላይ ሆኑ።

ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሠራተኛው ጎረፈ ይላል። ነገር ግን አገሪቱ ውስጥ ሌላ ማኅበር ማቆም አይቻልም፤ በዚያ ዘመን «አልገባም» ማለትም ስም ያሰጥ ነበር፣ ስሙም ከሥራ መባረር የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችል ነበር። የማኅበሩም ዋና ተግባር ምርት እንዲያድግ ሠራተኛውን ማንቃት ሆነ። ወዶ ያልገባ አባል መዋጮ ይከፍላል፣ ስብሰባ ይቀመጣል፣ እጁንም ያወጣል፤ ይከራከርልኛል ብሎ ግን አያስብም። መሪዎቹም ቢሆኑ አባል ጥሎን ይወጣል የሚል ሥጋት ስለሌለባቸው የሚያዩት ወደ ላይ ነው። በእድር ብዙ ሰው ቢወጣ ዳኛው ምክንያቱን ይጠይቃል፤ እዚያ ግን መውጫ ስለሌለ የሚጠይቅ አልነበረም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ፣ የ1985ቱ አዋጅ ለአንድ ማኅበር 20 ሠራተኛ ይበቃል አለ፤ የ1996ቱ ወደ 10 አወረደው። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ አሠሪ ሠራተኛውን ማኅበር ግባ ወይም አትግባ፣ ቆይ ወይም ውጣ ብሎ ማስገደዱን ይከለክላል። ስለ መግባትም ስለ መቅረትም በአንድነት መናገሩ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ከ1954ቱ ድንጋጌ እስከ 2011ዱ አዋጅ አልተለወጠም። በየቤታችን የምትሠራው ልጅ፣ ለለቅሶ ውሃ የምትቀዳው፣ ሽሮ የምትሠራው፣ ዛሬም ከአዋጁ ውጭ ናት። በእድር መዝገብም የሚጻፈው አባወራና እማወራ ነው።